ጉንፋን ሲበረታ የሚሸጡልን ቫይታሚኖች፦ ለማን ይጠቅማሉ?

ኅዳር ከገባ ወዲህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሌሊቱ አይቻልም። የሱሉልታ ሜዳ አንዳንድ ቀን ውርጭ ለብሶ ያነጋል። በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች መካከል የሚነፍሰውን ነፋስ የሚገታው ነገር የለም። ለገጣፎም፣ ቡራዩም፣ ሰበታም ያው ነው። ታክሲው በሳል ይሞላል። የቴሌግራም ቻናሉ ደግሞ በቫይታሚን ማስታወቂያ ይሞላል፦ «ኢሚዩኒቲዎን ከፍ ያድርጉ»፣ «ከዱባይ የመጣ ኦሪጅናል»፣ «ዴሊቨሪ አለን»።

በዚህ ጉዳይ የሚነሣው ክርክር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ቫይታሚን ከጀመርኩ ጉንፋን የሚባል ረሳሁ ይላል። ሌላው ብራችሁን በሽንት ነው የምታወጡት ብሎ ይስቃል። ሦስተኛው ዳማከሴ እያለ ኪኒን ምን ይሠራል ባይ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ግን የትኛው ቫይታሚን ይሻላል ከማለት በፊት የሚወስደው ሰው ምን ጎድሎታል ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። መልሱ የሚለያየው እዚህ ላይ ነውና።

ሰፕልመንት የሚባለው ከምግብ በተጨማሪ በኪኒን፣ በዱቄት ወይም በሽሮፕ መልክ የሚወሰድ ቫይታሚን፣ ማዕድን ወይም የዕፅዋት ውጤት ነው። ከመድኃኒት ጋር አንድ አይደለም። ልዩነቱን በኋላ እንመለስበታለን።

ብርዱ ወይስ ቫይረሱ?

«ብርድ መታኝ» እንላለን። ጉንፋን የሚያሲዘው ግን ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ቫይረሶች ያመጡታል፤ ዋናው ራይኖቫይረስ ይባላል። አዋቂን በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢይዘው የተለመደ ነው። ትንንሽ ልጆችን ስድስትም ስምንትም ጊዜ ሊይዛቸው ይችላል። ይህን ያዩ ወላጆች «ልጄ ኢሚዩኒቲ የለውም» ብለው ይደነግጣሉ። ብዙውን ጊዜ ልጁ ደህና ነው፤ ቫይረሶቹን ገና በየተራ እየተዋወቃቸው ነው።

ብርዱም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ራይኖቫይረስ በደንብ የሚራባው ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ባለ ቦታ፣ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚስብ አፍንጫ ይህንኑ ሙቀት ይይዛል። ከዚያ በላይ ግን ብርዱ የሚጎዳን በምናደርገው ነገር ነው። መስኮት እንዘጋለን። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን እናድራለን። ከከተማ ዳር መሃል ለመድረስ በተዘጋ ታክሲ ረጅም መንገድ እንጓዛለን። አንዱ ሲያስነጥስ ለሁሉም ይዳረሳል።

በነገራችን ላይ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠሉ ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰዎች አየሩን ማጽዳታቸው ነበር። የዛሬው ቆሻሻ ግን ግማሹ ፕላስቲክ ነው፤ ጭሱ ሲያስለው ለከረመ ሰው ተጨማሪ መከራ ይሆናል።

«ከፍ ማድረግ» ሲባል

ኢሚዩኒቲ የሚሉት የሰውነት መከላከያ አንድ ነገር አይደለም። ቆዳ፣ የአፍንጫ ንፍጥ፣ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ከቀድሞ በሽታና ከክትባት የተገኘ ልምድ ሁሉ አብረው የሚሠሩበት ሥርዓት ነው። ንፍጡን፣ ትኩሳቱንና የጉሮሮ ሕመሙን በአብዛኛው የሚያመጣውም ይኸው መከላከያ ነው፤ ቫይረሱን ሲዋጋ። አለርጂ ያለበትን ሰው የሚያስቸግረው መከላከያው ከልክ በላይ መቆጣቱ ነው። ስለዚህ «ከፍ ይበል» የሚለው ምኞት ራሱ መላ ቅጡ የጠፋ ነው።

እነዚህ ሕዋሳት ለመሥራትና ለመራባት ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ብረት፣ ቫይታሚን ኤ፣ ሲ እና ዲ ይፈልጋሉ። ከጎደለ ሥራው ይዳከማል። ሞልቶ ሳለ መጨመር ግን የሞላ ጀሪካን ላይ ውሃ መቅዳት ነው። ያውም ቢፈስ ደግ ነው። ቫይታሚን ሲ በሽንት ይወጣል። ቫይታሚን ኤ እና ዲ ግን በስብ ስለሚሟሙ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ፤ ሲበዙም ይመርዛሉ። ቫይታሚን ኤ በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ጽንስ ሊጎዳ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ከሐኪም ምክር ውጪ ልትነካው አይገባም።

ቫይታሚን ሲ፦ በብዛት የሚሸጠው

የቫይታሚን ሲ ዝና የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመው አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግ ብዙ መጠን መውሰድ ጉንፋንን ይከላከላል ብሎ ተከራከረ። ሰውየው ትልቅ ስለነበር ሐሳቡ እስከ ዛሬ ከሰው ጭንቅላት አልወጣም። ጥናቶቹ ግን ብዙም አላገዙትም።

ኮክሬን የተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱን አውጥቷል። ቫይታሚን ሲን በየቀኑ የሚወስዱ ተራ ሰዎችን ጉንፋን ከመያዝ አላዳናቸውም። የሚቆይበትን ጊዜ ግን በአዋቂ 8 በመቶ፣ በልጆች 14 በመቶ ገደማ ያሳጥራል። ሰባት ቀን የሚቆይ ጉንፋን ላይ ይህ ለአዋቂ ግማሽ ቀን ቢሆን ነው። ለዚያች ግማሽ ቀን ደግሞ ከመታመም በፊት ጀምሮ በየቀኑ መውሰድ ያስፈልጋል። ንፍጡ ከጀመረ በኋላ ፋርማሲ ሮጦ መግዛት ወጥ የሆነ ጥቅም አላሳየም። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። በማራቶን ሯጮች፣ በበረዶ ተንሸራታቾችና በከባድ ብርድ ልምምድ በሚያደርጉ ወታደሮች ላይ የመያዝ ዕድሉ በግማሽ ቀንሷል። እዚህ ሱሉልታ ላይ ማለዳ በብርድ የሚሮጡ አትሌቶች አሉ። ቫይታሚን ሲ ቢወስዱ የሚያዋጣቸው እነሱን ነው እንጂ ቢሮ የሚውለውን ሰው አይደለም።

አሁን ብልቃጡን አገላብጠን እንየው። በውሃ የሚሟሟው፣ የሚንተከተከው ባለ 1000 ሚሊግራም ኪኒን ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ «1,111%» የሚል ቁጥር አለ። ከአውሮፓ ከሆነ «1,250%» ይላል። ይህ ማለት አንድ ፍሬ የአንድ ቀን ፍላጎትን ከአሥራ አንድ ጊዜ በላይ ይዟል ማለት ነው። ቁጥሩ ጥንካሬ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከ1 ግራም በላይ ሲወሰድ ሰውነት የሚቀበለው ከግማሽ ያነሰውን ነው። ለአዋቂ የተቀመጠው ከፍተኛ ገደብ በቀን 2000 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ሆድ ያስቀምጣል። የስዊድን ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ ይህን ኪኒን የሚወስዱት በኩላሊት ጠጠር የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቷል። የኩላሊት ጠጠር ታሪክ ያለው ሰው ይህን ቢያስብበት ይሻላል። የደም ግፊት ያለበትም እንዲሁ፤ የሚንተከተክ ኪኒን ውስጥ ሶዲየም አለ።

በሌላ በኩል ጉሊት ላይ የምትገኝ አንዲት መካከለኛ ዘይቱን የአዋቂን የቀን ፍላጎት ትሸፍናለች። ጥሬ ቃሪያ በ100 ግራም ከ100 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ስንግ ቃሪያ የሚወድ ሰው ሳያውቀው እየወሰደው ነው ማለት ነው። ጎመንም አለው። ነገር ግን ረጅም ጊዜ ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ ቫይታሚኑም አብሮ ይደፋል። ሎሚም ቢሆን ሻዩ በረድ ሲል ቢጨመቅበት ይመረጣል።

ዚንክ፦ የፈረንጅ ጥናት ለእኛ ይሠራል?

የክርክሩ ዋና ቦታ ይህ ነው። ዚንክ በጥቂቱ የሚያስፈልግ ማዕድን ነው፤ ለአዋቂ በቀን ከ8 እስከ 11 ሚሊግራም ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 34 ጥናቶችን መዝኗል። ጉንፋን እንዳይዝ በመከላከል በኩል ጥቅሙ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከያዘ በኋላ ከተወሰደ ግን ሕመሙን በሁለት ቀን ገደማ ሊያሳጥር ይችላል ይላል፤ ማስረጃው ደካማ መሆኑን ጨምሮ። ማቅለሽለሽና አፍ ላይ የሚቀር መጥፎ ጣዕም ደግሞ የታወቁ ጉዳቶቹ ናቸው።

እዚህ ላይ አንዳንድ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ጠቃሚ ጥያቄ ያነሣሉ። የእነዚህ ጥናቶች ተሳታፊዎች በአብዛኛው ጠግበው የሚበሉ የበለጸጉ አገሮች ሰዎች ናቸው። የዚንክ እጥረት በተስፋፋበት አገር ውጤቱ ለምን አንድ ይሆናል? ጥያቄው ባዶ አይደለም። በባንግላዴሽ፣ በህንድ፣ በፔሩና በደቡብ አፍሪካ ሕፃናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዚንክ በመደበኛነት ሲሰጥ በሳንባ ምች የሚያዙትን በ13 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በውሃ ተበጥብጦ ከሚጠጣው ኦአርኤስ ጋር ዚንክ ለ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ ይመክራሉ። ለአንዱ ትርፍ የሆነው ማዕድን ለሌላው ሕይወት ነው።

ታዲያ እኛ ለምን ይጎድለናል? እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩ ዚንክ አላቸው። ነገር ግን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርም አላቸው። ፋይቴት ዚንኩን ጠፍሮ ስለሚይዘው አንጀት አይቀበለውም። እናቶቻችን ስሙን ሳያውቁት የሚቀንሱበትን ዘዴ ያውቃሉ። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ጥራጥሬ ሲዘፈዘፍ፣ ሲበቅል፣ እንዲሁ። በጥድፊያ ተቦክቶ የሚጋገር እንጀራ በዚህ በኩል ይጎዳናል።

ሌላው ነገር የወቅቱ ነው። የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ብርዱም የሚጠናው በዚሁ ሰሞን ነው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከማዕድ ይነሣሉ። ለጤነኛ አዋቂ ጥራጥሬና ጎመን ከበዛበት ይህ ችግር አይሆንም። የሚያሳስቡት ሕፃናት ናቸው። ጾሙ አይመለከታቸውም፤ ግን ቤቱ ሲጾም ድስቱም ይጾማል። ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ ለልጁ እንቁላል ሳይጠበስለት ይቀራል። አንድ ትንሽ መጥበሻ ለብቻው መለየት ከብዙ ሽሮፕ ይበልጣል።

በአገር ደረጃም እርምጃ አለ። የስንዴ ዱቄት ዚንክን ጨምሮ በንጥረ ምግቦች፣ የምግብ ዘይት ደግሞ በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽጉ በ2014 ዓ.ም. ግዴታ ሆኗል። ይህ ለዳቦ ይጠቅማል። ጤፍን ግን አይነካም።

ዚንክ ለመግዛት የወሰነ ሰው ሁለት ነገር ይይ። መጀመሪያ፣ መጠኑን። ለአዋቂ ከፍተኛው ገደብ በቀን 40 ሚሊግራም ሲሆን ገበያ ላይ ባለ 50 ሚሊግራም ፍሬ አለ። ለረጅም ጊዜ ከበዛ የመዳብ እጥረት ያመጣል፤ ይኸውም መከላከያውን መልሶ ያዳክማል። ብልቃጡ «ዚንክ ግሉኮኔት 50 ሚሊግራም» ካለ ግን በውስጡ ያለው ንጹሕ ዚንክ 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሌላ መድኃኒት ካለ። ዚንክ ከፀረ ባክቴሪያዎቹ ከሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ከዶክሲሳይክሊን ጋር አብሮ ከተወሰደ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል፤ የሰዓታት ልዩነት ያስፈልጋል። አፍንጫ ውስጥ የሚደረግ ዚንክ ከተገኘ ይቅርባችሁ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 የማሽተት ችሎታን ሊያጠፋ ይችላል ብሎ አስጠንቅቆበታል።

ቫይታሚን ዲ እና የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ

በዚህኛው ላይ ሳይንሱ ራሱ ሐሳቡን እየቀየረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ትልቅ ትንታኔ ቫይታሚን ዲ ከመተንፈሻ አካል ሕመም በመጠኑ እንደሚከላከል፣ በተለይም እጥረት ያለባቸውን እንደሚጠቅም አሳየ። ብዙ ማስታወቂያ እስከ ዛሬ የሚጠቅሰው ይህንን ነው። በ2025 ግን አዳዲስ ጥናቶች ተጨምረው 64 ሺህ ያህል ሰዎች ሲታዩ ጥቅሙ ከአጋጣሚ በግልጽ የሚለይ አልሆነም።

ፀሐይ ባለበት አገር ቫይታሚን ዲ ይጎድላል ወይ? ይጎድላል። አዳማ አካባቢ በተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት የከተማዎቹ ልጆች ከገጠሮቹ ይልቅ እጥረት እንደሚበዛባቸው አግኝቷል። ቀኑን ቤት ውስጥ ወይም ቢሮ የሚውል፣ ሰውነቱን ሙሉ የሚሸፍን ሰው ፀሐዩ አያገኘውም። በመስኮት መስታወት በኩል መሞቅም አይቆጠርም፤ ቫይታሚኑን የሚያሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ሕፃን ልጅን አውጥቶ ፀሐይ ማሞቅ የሚመከረው ለአጥንቱ ነው። ለጉንፋን ተብሎ አይደለም።

ዳማከሴ፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር

«የአገር መድኃኒት ይሻላል» የሚለው ወገን የሚይዘው ነገር አለው። ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ማር ነው። ሳል ላይ ማስታገሻ እንደሚሆን በልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ብሪታንያም በሕክምና መመሪያዋ አስገብታዋለች። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል።

ነጭ ሽንኩርት ላይ የሚጠቀሰው አንድ ጥናት ነው። 146 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታትሎ፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ከወሰዱት 24፣ ካልወሰዱት 65 ጉንፋን ቆጥሯል። ቁጥሩ ያጓጓል። አንድ ጥናት ግን አንድ ነው። እንክብሉ በተለይ ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው መድማት ሊያስከትል ይችላል። በወጥ ውስጥ የሚገባው ማንንም አይጎዳም።

ዳማከሴ በየግቢው አጥር ሥር፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ሳይቀር ይበቅላል። በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ትኩሳት የመቀነስ ምልክት አሳይቷል። ጤና አዳምን ግን ነፍሰ ጡር ሴት በብዛት ከመውሰድ ትጠንቀቅ፤ ማሕፀን ያነሣሣል። ዝንጅብልና ጦስኝ በሻይ መልክ ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ከዚያ በላይ ቃል መግባት አይቻልም።

ማን ነው የሚቆጣጠረው?

መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንደሚሠራ በጥናት መረጋገጥ አለበት። ሰፕልመንት ላይ ሕጉ በብዙ አገር ይላላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሻጩ ቀድሞ ውጤታማነቱን የማሳየት ግዴታ የለበትም። በምትኩ ስለ ጥቅሙ ከተናገረ ብልቃጡ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ አለበት፦ ምርቱ በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም። ጽሑፉ ደቃቅ ነው። የቴሌግራሙ ማስታወቂያ በትልቁ «ጉንፋን ድራሹ ይጠፋል» ሲል አምራቹ ራሱ በትንሹ አላልኩም እያለ ነው።

እዚህ አገር ምግብንም መድኃኒትንም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የሚሠራውም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። በሻንጣ ገብቶ በስልክ የሚሸጥ ብልቃጥ በዚህ ቁጥጥር አላለፈም። ፀሐይ ላይ ይሰንብት፣ ቀኑ ይለፍ፣ ውስጡ ምን ይኑር የሚያውቅ የለም። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ መግዛት ቢያንስ የሚጠየቅ ፋርማሲስት አለበት። ሻጩ «ምን ዓይነት መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ጥያቄውን ራስ ማንሣት ነው።

ገንዘቡ ሳይሆን ጊዜው

ከመጠን ያላለፈ ቫይታሚን የሚያደርሰው ጉዳት በአብዛኛው ኪስ ላይ ነው። ከባዱ ጉዳት የሚመጣው ሰው በቫይታሚን ተማምኖ ሲዘገይ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመጣ አንዱ ስሕተት አሞክሳሲሊን ነው። ቫይታሚኑ አልሠራ ሲል ብዙ ሰው ያለ ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ ይገዛል። ጉንፋን ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒቱ አይነካውም። የሚያተርፈው ነገር ቢኖር ነገ ለእውነተኛ ኢንፌክሽን ሲፈለግ የማይበግረው የተላመደ ባክቴሪያ ነው። ሌላው ለብርዱ ተብሎ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ነው። ጭሱ የልጆችን ሳንባ ለምች ያጋልጣል። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቤተሰብን ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፤ ሲተኛም ክፍሉ ውስጥ አይደር።

ለልጆች የሚሆነው ከፋርማሲው ይልቅ ጤና ጣቢያው ነው። የሳንባ ምች ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በመደበኛው ክትባት ውስጥ አለ። ቫይታሚን ኤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ ይሰጣል። ሁለቱም በነፃ ናቸው።

ጉንፋን የመሰለ ነገር መቼ ነው ጉንፋን የማይሆነው? ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል። ልጁ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ልብሱን ገለጥ አድርጎ፣ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ነገ አይባልም። አዋቂ ላይ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም ሕክምናውም ክፍያ የለበትም።